ማግኔቱ ጢም ሲያበቅል

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ሞተራቸውን አስጭነው መጡ። «ልጄ፣ ከዘጌ ስመለስ ካምቢዮው ይጮህብኛል» አሉኝ። ከጀልባ ኋላ ከሚንጠለጠሉት ሞተሮች አንዱ ነው። የእነዚህ ካምቢዮ ከታች፣ ውሃ ውስጥ ነው። ሻፍቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጥርሶቹ ኃይሉን 90 ዲግሪ አዙረው ለፕሮፔለሩ ይሰጡታል። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፈታሁት። ጫፉ ላይ ማግኔት አለው። ማግኔቱ ጢም አብቅሏል። ጥርሶቹ ሲበሉ የሚወጣ የብረት ብናኝ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ሳይፈታ ውሃ አይገባም» አልኳቸው።

«አንድ ጉዞ ብቻ! ነገ እንግዳ አለብኝ። ከዚያ የፈለግከውን አድርገው።»

ይቺን «አንድ ጉዞ ብቻ» ስሰማ ሁሌም አንድ አውሮፕላን ትዝ ይለኛል። ማታ ማታ የማነበው እንደ ሄሊኮፕተር ተነስቶ እንደ አውሮፕላን ስለሚበረው ቲልትሮተር ነው። ዓመታት ሆነኝ፤ አልሰለቸኝም።

የጣና ዳር ሰው ነገሩን ከወፍ ያውቀዋል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃው ላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያራገበ ይቆማል። ግን ብዙ አይቆይም፤ አየር ላይ መቆም ጉልበት ይበላል። ፔሊካኖቹ ደግሞ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳይደክሙ ይሄዳሉ፤ መቆም ግን አይችሉም። ሄሊኮፕተር እንደ መጀመሪያው ነው፣ አውሮፕላን እንደ ሁለተኛው። ሄሊኮፕተር በጣም ሲፈጥን ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በአንድ በኩል መቅዘፊያው ወደ ፊት ሲሄድ ነፋሱን በኃይል ይገጥማል። በሌላው በኩል ወደ ኋላ የሚመለሰው መቅዘፊያ ግን ነፋስ ያጥረዋል፤ ማንሳት ያቅተዋል።

ቲልትሮተር ሁለቱንም ይሆናል። በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ሮተሮች፣ ማለትም የሚሽከረከሩት መቅዘፊያዎች፣ ሲነሳ ወደ ሰማይ ይዞራሉ። ከተነሳ በኋላ ወደ ፊት ይዘነበላሉ፤ ያኔ ክንፉ ይሸከመዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቤል ኩባንያ ኤክስቪ-3 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በርሯል። የቤልና የቦይንግ ኦስፕሬይ በ1989 በረረ፤ የአሜሪካ ማሪን ጦር አገልግሎት ላይ ያዋለው ግን በ2007 ነው። በመሃል ብዙ ሰው አልቋል። በ2000 አሪዞና ውስጥ በአንድ አደጋ ብቻ 19 ማሪኖች ሞተዋል።

አሁን አዲሱ መጥቷል። ቤል የሠራው ቪ-280 ቫሎር በዲሴምበር 2017 ቴክሳስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። 280 የሚለው ቁጥር የታለመለት ፍጥነት ነው፣ በኖት። በሰዓት 518 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። በዲሴምበር 2022 የአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ የተባለውን ሄሊኮፕተሩን እንዲተካ መረጠው። የጦሩ ሞዴል ኤምቪ-75 ይባላል። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 10 ደቂቃ! ለቆሰለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ጀልባ ቀኑ ያልቃል።

አንድ ነገር ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። የአሜሪካ ጦር አዲሱን ማሽን ሲያስብ ያስቀመጠው መለኪያ በ6,000 ጫማ ከፍታ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት አየር ላይ መቆም መቻል ነው። 6,000 ጫማ 1,829 ሜትር ነው። ባሕር ዳር እኮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት! ከፍታ ሲጨምርና ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ሮተር የሚይዘው ያጣል። ሙቀቱ ከእኛ ሚያዝያ ቢብስም፣ የኛን ሰማይ አስበው ነው የለኩት አልኩ።

እኔን ከፍጥነቱ በላይ የገረመኝ ግን የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ኦስፕሬይ ላይ ሮተሩ ሲዘነበል ሞተሩም አብሮ ይዞራል። እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም እኛ ሞተሩን ሁለመናውን እንደምናነሳው ማለት ነው። ዘይቱም ነዳጁም ተኝቶም ቆሞም መፍሰስ አለበት። ሲያርፍ ደግሞ የሞተሩ ትኩስ ጭስ ቀጥታ መሬቱን ይመታል። ቫሎር ላይ ሞተሩ እንደተኛ ይቀራል፤ የሚዞረው ሮተሩና የእሱ ካምቢዮ ብቻ ነው። ጭሱ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ወታደሮቹም በጎን በር ይወርዳሉ። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ዘይት የነካ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካምቢዮው ግን አልቀረም። ሁለቱንም ሮተሮች በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ሻፍት ያገናኛቸዋል፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ የቀረው ሁለቱን ያዞራል። ጥሩ ነው። ካምቢዮው ራሱ ሲሰበርስ? ኖቬምበር 29 ቀን 2023 ጃፓን ውስጥ ያኩሺማ ደሴት አጠገብ የሆነው ይኸው ነው። በአሜሪካ አየር ኃይል ኦስፕሬይ የግራ ካምቢዮ ውስጥ አንድ ማርሽ ተሰነጠቀ። ዘይቱ ውስጥ ብናኝ እንዳለ ማሽኑ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። በረራው ቀጠለ። በኋላ ሊያርፉ ሲቃረቡ ወደቁ፤ ስምንቱም ሞቱ። ስለ ኤምቪ-75 ፍጥነት ሲወራ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በፊት ማየት የምፈልገው ግን የካምቢዮውን ማግኔት ነው።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አውሮፕላኑ ብዙም አላሳሰባቸውም። «ስምንቱም?» አሉ ብቻ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለእንግዶቻቸው ደወሉ።

ካምቢዮውን ስፈታው ከትንሹ ማርሽ ሁለት ጥርስ ተሸርፏል፤ አንዱ ኩሽኔታም ልቅ ሆኗል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅን። በየጠዋቱ መጥተው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። በአምስተኛው ቀን አዲስ ዘይት ሞልቼ ሰዓት ያህል አስነሳሁት፤ ብሎኑን ፈትቼ ማግኔቱን በነጭ ጨርቅ ጠረግኩና ጨርቁን እሳቸው እጅ ላይ አስቀመጥኩት።