ሁሉም ገባ

መኪና መቀየር እንዳለብን የገባን ትንሹ ልጃችን ለመምህሩ «በመኪናችን ውስጥ የእኔ ቦታ ከምሰሶው በታች ነው» ብሎ ከነገረው በኋላ ነው። አልዋሸም። ምሰሶው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ተነስቶ፣ በታጠፈው ወንበር ላይ አልፎ፣ በፊት ወንበሮቹ መካከል እስከ ማርሹ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት መጀመሪያ ምሰሶውን ገለል ማድረግ ነበረብኝ። በዚያ ምክንያት ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ እንጓዝ ነበር።

ምሰሶው የዊንድሰርፊንግ ሸራዬ ማቆሚያ ነው። ዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ ከሩቅ ሲያዩት ዕቃ የማይበዛበት ስፖርት ይመስላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ሸራ፣ ነፋሱ ደግሞ በነጻ። እኔም የገባሁበት በዚህ ተታልዬ ነው። ነፋስ ግን እንደ ሰው ጠባይ ይለዋወጣል፤ ሲበረታ ትንሽ ሸራ፣ ሲደክም ትልቅ ሸራ ይፈልጋል። ስለዚህ 4.7፣ 5.5፣ 6.5 እና 7.5 ካሬ ሜትር የሆኑ አራት ሸራዎች አሉኝ። ሸራ ደግሞ በልኩ ምሰሶ ይመርጣል፤ ስለዚህ አንድ የ4 ሜትር፣ አንድ የ4.30 ሜትር ምሰሶ አለኝ። ደግነታቸው ለሁለት መከፈላቸው ነው። ክፋታቸው ሲከፈሉ አራት መሆናቸው ነው።

ሰሌዳዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ የእኔ ናት፤ 2.40 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ከካርቦን የተሠራች፣ ቀላልና ፈጣን። ሁለተኛው ባለቤቴና ልጆቹ የሚማሩበት ነው፤ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እንደ ጠረጴዛ ምግብ ሊቀርብበት ይችላል። ሦስተኛው 3.70 ሜትር የሚረዝም ሽማግሌ ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይትዘር ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ጨዋታ ሲጀምሩ ሰሌዳቸው 3.65 ሜትር ገደማ ነበር፤ የእኛው ሽማግሌ የዚያ ዘር ነው። እኔ በየዓመቱ እንጣለው እላለሁ፤ ልጆቹ በየዓመቱ ያለቅሳሉ፤ እሱ በየዓመቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ስለ ጣሪያው ካነሳሁ አይቀር፣ አሮጌዋ መኪናችን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትደርስ ታጓራ ነበር። ሞተሩ ሊሞት ነው ብዬ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። መካኒኩ ብቻዋን ነድቷት መጣና ምንም አልሰማሁም አለ። ገንዘብ ከፍዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሰሌዳ ጭነን ስንወጣ እንደገና አጓራች። ሁለተኛ ጊዜ ወሰድኳት፤ ሁለተኛ ጊዜ ምንም አልሰማም፤ ሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። በመጨረሻ ውሃ ዳር ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ሰሌዳውን ያሰርኩበትን ጠፍጣፋ ማሰሪያ በጣቱ ነካ አድርጎ «አንዴ ጠምዘዝ አድርገህ እሰረው፤ ነፋሱ ነው የሚያንቀጠቅጠው» አለኝ። ጠመዘዝኩት። ዝም አለ። ለመካኒኩ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አዲሱን መኪና ስመርጥ እንዲህ ያለ ስህተት ላለመድገም ቆርጬ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። እያንዳንዱን ዕቃ በሜትር ለካሁ። ሰሌዳዎቹን ለመመዘን አንድ በአንድ አቅፌ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ብቻዬን ወጣሁ፤ ልዩነቱ የሰሌዳው ክብደት ነው። በዚህ ዘዴ ሰሌዳዎቹ ባለፈው ዓመት ከነበሩት እንዳልወፈሩ፣ እኔ ግን ስድስት ኪሎ መጨመሬን አረጋገጥኩ። የክብደቱ ነገር ቀልድ አይደለም፤ የብዙ የቤት መኪናዎች ጣሪያ የሚፈቀድለት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የመጫኛው ብረት ራሱም ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ከዚያ በየምሽቱ ባለቤቴን ማሰልቸት ጀመርኩ። ፒክአፕ እንግዛ አልኩ፤ ባለ አራት በሩ ለሰው ይመቻል፤ የጭነት ቦታው ግን 1.50 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሰሌዳዎቹ ጭራ እንደ ዶሮ ላባ ከኋላ ይወጣል። ረጅሟ የቤት መኪና ወንበሮቿ ሲታጠፉ ሁሉንም ትውጣለች፤ ልጆቹ ግን የሚቀመጡት የታጠፉት ወንበሮች ላይ ነው። ተጎታች እናያይዝ ስል ባለቤቴ ሳቀች። ወደ ኋላ ስነዳ አይታኛለችና አልተከራከርኳትም።

የተረፈው ባለ ሰባት መቀመጫ፣ በሩ የሚንሸራተት፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ የሚነሱለት መኪና ነበር። በግራ በኩል ከሹፌሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ወንበሮች ብናነሳ ከኋላ በር እስከ ሹፌሩ መቀመጫ ድረስ አንድ ረጅም መተላለፊያ ይገኛል። የእኔ ሰሌዳ፣ ሸራዎቹና ምሰሶዎቹ እዚያ ይተኛሉ። ሁለቱ ሰሌዳዎች ጣሪያ ላይ። ባለቤቴ «ሦስቱንም ለምን ጣሪያ ላይ አናወጣቸውም?» ብላ ነበር። «የካርቦኗ ጣሪያ ላይ ከምትወጣ እኔ ልውጣ» አልኩ። ይህን ንግግሬን ያዙልኝ።

ሻጩ ዘንድ የሄድኩት ሰሌዳዬን በልኳ ከካርቶን ቆርጬ ነው። ቤተሰቡም ተከተለኝ፤ አማቴ ሳይቀሩ። ካርቶኗን ከኋላ አስገባሁ፤ አፍንጫዋ የሹፌሩን ወንበር ነካ። ባለቤቴን «እስኪ መሪው ጋ ተቀመጪ» አልኳት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ወንበሩን እስከ ጫፍ ወደ ፊት ሳበችው፤ የኋላው በር ጠቅ ብሎ ተዘጋ። አማቴ ከጎኗ ቀበቷቸውን አስረው እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች የኋላ ቦታቸውን ያዙ። እኔ ውጭ ቆሜ ፎቶግራፍ አነሳሁና «ሁሉም ገባ!» ብዬ ጮኽኩ። ሻጩ አጨበጨበልኝ። ሰንጠረዤ ላይ «ሰው፦ 5፣ መቀመጫ፦ 5» ከሚለው ጎን ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። የተነሱትን ሁለት ወንበሮች ቤት የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለሌለን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ያይባቸዋል። በጣም ተመችተውታል።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀን ትንበያው ከረፋዱ እስከ ስምንት ሰዓት ጥሩ ነፋስ እንዳለ ይናገር ነበር። ከሌሊቱ ተነስቼ ጫንኩ፣ አሰርኩ፣ ማሰሪያውን ጠመዘዝኩ። ሰሌዳዬ ልክ እንደ ካርቶኗ ገባች። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ባለቤቴም ጨዋታ መስሏት እንደዚያን ቀኑ መሪው ጋ ተቀመጠች። እኔ ከውጭ የሹፌሩን በር ከፈትኩ። እሷ ተመለከተችኝ፤ እኔም ተመለከትኳት።

«ከጎን ልሂድልህ?» አለች። ከጎኗ እናቷ አሉ። ከኋላ ሦስቱ ልጆች አሉ። አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ፤ አምስት። የተቀመጠባትን አህያ ሳይቆጥር አንዷ ጠፋችብኝ የሚለውን ሰው ተረት እየሰማሁ ስስቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰባት መቀመጫ ሲባል ሹፌሩም ተቆጥሮ ነው። እኔ ግን የምጓጓዘውን ሳይሆን የማጓጉዘውን ብቻ ስቆጥር ከርሜ፣ ሹፌሩን ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣ ዕቃ አድርጌው ነበር።

አማቴ እወርዳለሁ አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ አምርሬ አይደለም፤ ግን ልጆቹ ስለጮኹ አላዋጣኝም። ቢወርዱም መንዳቱ አይሆንልኝም ነበር፤ ሰሌዳዋ ከጀርባ ይዛዋለችና የሹፌሩ ወንበር አንዲት ጣት ወደ ኋላ አይልም። አጎንብሼ ሞከርኩት፤ ጉልበቴ መሪውን አልፎ ወደ አገጬ መጣ።

«ሰሌዳዋን ጣሪያ ላይ እናውጣትና ከኋላ የሆነ ቦታ እሆናለሁ» አልኩ።

«ወንበሩ ወንድምህ ቤት ነው» አለች ባለቤቴ። «ደግሞ እሷ ከምትወጣ አንተ እንድትወጣ ነው የተነጋገርነው።»

ትንሹ ልጄ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «አባዬ እዚያ ይመቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ዛፎቹ በነፋስ ሲታጠፉ አየሁ፤ ለ5.5 ሸራ የተቆረጠ ነፋስ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ትልቋ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ሁሉንም ገጣጥመን ጨርሰናል። ያቺ ምሰሶውን ከሰሌዳው ጋር የምታያይዘው ቁራጭ የት አለች?»

ኪሴን ዳበስኩ። ሁለቱም የምሰሶ እግሮች እዚያ ነበሩ። የምሰሶው እግር ጡጫ የምታክል ነገር ናት፤ ምሰሶው ወደፈለገው አቅጣጫ እንዲያጋድል የምታደርገው መገጣጠሚያ እሷ ናት፤ ያለ እሷ በእጅህ ያለው አንድ ሰሌዳና አንድ የተወጠረ መጋረጃ ነው። እንዳትጠፋ ብዬ ሌሊት ኪሴ ውስጥ ያስገባኋት ራሴ ነኝ። ሰንጠረዡ ላይ የለችም፤ ቦታ ስለማትይዝ አልለካኋትም።

ስደርስ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። ሸራዎቹ ተወጥረው አሸዋ ላይ ተደርድረዋል። ቅሬታ እየጠበቅሁ ነበር፤ ማንም ግን ወደ እኔ አልዞረም። ሽማግሌው ሰሌዳ ውሃው መካከል ነበር። ልጆቹ በእጃቸው እየቀዘፉት፣ አማቴ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መሀሉ ላይ ተቀምጠው ትእዛዝ ይሰጣሉ። «ልጄ፣ ይህን ነው እንጣለው ስትል የነበረው?» አሉኝ ከሩቅ። ባለቤቴ የእኔን የካርቦን ሰሌዳ ጥላ ለማግኘት አቁማ ስሯ ተኝታለች።

ሲመሽ መልሼ ጫንኩ። ወንበሮቹ አሁንም አምስት ነበሩ፤ እንዳይሳሳቱብኝ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። የመመለሻው አውቶቡስ ሹፌር ያው የጠዋቱ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ አሸዋ የሞላውን ጫማዬንና እጄ ላይ ያሉትን ሁለት ቁራጮች አይቶ ምንም አላለም። ለመነሳት አሥር ደቂቃ ይቀር ስለነበረ ጎኑ ላይ ያለው የሻንጣ ክፍል ርዝመቱ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።