ከሸናንዶዋ ሸለቆ እስከ አንትሪም፦ ከአማቴ ጋር የዘር ፍለጋ

ልጄ በእኔ በኩል ያለውን ዘሯን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። ያስጠናት አባቴ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ፣ በስልክ። በእናቷ በኩል ግን ቆጠራው አንድ ሰው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያ ሰው በ1740 ቨርጂኒያ ውስጥ ኦሬንጅ ካውንቲ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን የሰጠ ገበሬ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከአየርላንድ ወደ ፊላደልፊያ፣ ከዚያም በራሱ ወጪ ወደ ቨርጂኒያ እንደመጣ አስመዝግቧል። በዚያ ዓመት ብዙ ሰፋሪዎች እዚያው ፍርድ ቤት ቀርበው ይህንኑ ቃል ሰጥተዋል። ምክንያቱ መሬት ነው። በራሱ ወጪ የመጣ ሰው ለራሱም ላመጣው ቤተሰብም በነፍስ ወከፍ ሃምሳ ኤከር (ሃያ ሄክታር ያህል) የመጠየቅ መብት ነበረው። ከአየርላንድ የት? አባቱ ማን ነው? መዝገቡ እሱን አይነግረንም።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ይህን ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። የአባት ዘር የሚመረመርበትን የዲኤንኤ ምርመራም አድርገዋል። ውጤቱ በሰሜን አየርላንድ፣ በምሥራቅ አንትሪም ከሚኖሩ አንድ ሰው ጋር አገናኛቸው። የቤተሰብ ስማቸውም አንድ ነው። አማቴ «እንሂድ» ሲሉ ባለቤቴን ሥራ አልለቀቃትም፤ እኔ ተከተልኳቸው። የልጄ ዘር ነው። የእኔም ጉዳይ ነው።

የምንፈልገው ሰው ስኮትስ-አይሪሽ ከሚባሉት ነው፤ ታሪካቸው የሁለት ስደት ታሪክ ነው። በ1600ዎቹ ከስኮትላንድ ቆላማ አገርና ከእንግሊዝ ሰሜናዊ ጠረፍ ተነሥተው ባሕሩን ተሻግረው የአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል የሆነው ኡልስተር ገቡ። ከ1609 ጀምሮ ንጉሥ ጄምስ ከአይሪሽ ባላባቶች በወረሰው መሬት ላይ ሰፋሪ ያሰፍር ነበር። አንትሪምና ዳውን የተባሉት አውራጃዎች ግን በዚያ የመንግሥት ዕቅድ ውስጥ አልነበሩም፤ እዚያ ሰፋሪ ያሰፈሩት መሬት የያዙ መኳንንት በግላቸው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሰፋሪዎቹ የልጅ ልጆች እንደገና ተነሡ። የመሬት ውላቸው ሲያልቅ ባለመሬቱ ኪራዩን ከፍ ያደርገዋል። ድርቅ ነበር። ፕሪስቢቴሪያን (የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት) ስለነበሩ በ1704 የወጣው ሕግ ከመንግሥት ሹመት አግዷቸዋል፤ አሥራቱን ግን ለማያመልኩበት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ይከፍሉ ነበር። ከ1717 እስከ አሜሪካ ነጻነት ጦርነት ድረስ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከኡልስተር ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ቤልፋስት ስንደርስ በቀጥታ የሄድነው ወደ ሕዝብ መዛግብት ቤቱ ነው። የሚገኘው ታይታኒክ መርከብ በተሠራችበት የወደብ ሰፈር ነው። መታወቂያ አሳይቶ ካርድ ማውጣት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም። በየጠረጴዛው አሜሪካዊ፣ ካናዳዊ፣ አውስትራሊያዊ ተቀምጦ ብራና ያገላብጣል። ብዙዎቹ በአማቴ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

የአየርላንድን ዘር መፈለግ ለምን እንደሚከብድ እዚያ ነው የገባኝ። ጁን 30 ቀን 1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ ደብሊን የነበረው የመዛግብት ቤት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል ነደደ። የብዙ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነደደ። ኑዛዜዎችም ነደዱ። ለእኛ የከበደን ይህ የመጨረሻው ነው። የእኛ ሰው ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት አገር የለቀቀ ስለሆነ አባቱን ሊነግረን የሚችለው አንድ ኑዛዜ ነበር። ፕሪስቢቴሪያኖቹ ራሳቸው ደግሞ በአብዛኛው መዝገብ መያዝ የጀመሩት እጅግ ዘግይተው፣ በ1800ዎቹ ነው።

ሆኖም የተረፈ አለ። አንዱ በ1660ዎቹ የተሰበሰበው የምድጃ ግብር ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ አባወራ በምድጃ ቁጥር፣ ለአንድ ምድጃ በዓመት ሁለት ሽልንግ ይከፍል ነበርና ስሙና መንደሩ ተጽፏል። ዋናው ቢቃጠልም ቀደም ብሎ የተገለበጠ ቅጂ ተርፏል። ሁለተኛው በ1796 የወጣው የተልባ ገበሬዎች ዝርዝር ነው። መንግሥት ተልባ ለዘራ ሰው መፍተያ ወይም ሸማ መሥሪያ ይሸልም ነበር፤ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ስም አለበት። የእኛ ሰው በዚያ ጊዜ ከሞተ ቆይቷል። ስሙ ግን የት የት ተሰብስቦ እንደቀረ ይጠቁማል። አማቴ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አድርገው፣ በእርሳስ፣ የቤተሰቡ ስም ያለበትን መንደር ሁሉ ምልክት አደረጉ። ምልክቶቹ የተሰባሰቡት በላርንና በካሪክፈርጉስ መካከል ነው። ዲኤንኤው የጠቆመውም ያንኑ አካባቢ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ወረቀት ነው፤ የጭሰኞቹ የመሬት ውል። ብዙዎቹ ውሎች የጊዜ ገደባቸው በዓመት አይቆጠርም፤ በሰው ዕድሜ ነው። ውሉ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ይጻፋል። ሦስቱም እስኪሞቱ ድረስ መሬቱ የጭሰኛው ነው። ስለዚህ ገበሬው ብልህ ከሆነ የትንንሽ ልጆቹን ስም ያስገባል። አንዳንዱ ላይ ዕድሜያቸው ሳይቀር አለ። ይህን ሳነብ ያደግሁበት ጎጃም ፊቴ ድቅን አለ። አያቴ ዘራቸውን የቆጠሩት ለጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚካፈለው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መድረስ የሚችል ሰው ነው። መሬት በ1967 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) አዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ እንኳ ቆጠራው ከአባቴ አፍ አልጠፋም። እዚህም እዚያም ገበሬ የልጁን ስም አጥብቆ የያዘው ለማሳ ሲል ነው።

ውሎቹ ውስጥ የቤተሰቡን ስም አገኘን። አንድ አባት፣ ሦስት ወንዶች ልጆች፤ አንደኛው ከእኛ ሰው ጋር ስሙ አንድ ነው። ዕድሜውም ይቀራረባል። አማቴ ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ግን የዚያው አካባቢ ሌላ ውል ስንገልጥ፣ ያው ስም፣ ያው የቤተሰብ ስም፣ ሌላ አባት። ስኮቶቹ የበኩር ልጅን በአባቱ አባት፣ ሁለተኛውን በእናቱ አባት ስም የመሰየም ልማድ ነበራቸውና የአጎት ልጆች ሁሉ አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ። የትኛው ነው መርከብ የተሳፈረው? የሚለይ ነገር አላገኘንም።

ዲኤንኤው ያገናኘን ሰው ባሊኬሪ በምትባል መንደር አጠገብ ነው የሚኖሩት። እርሻ ላይ የኖሩ አዛውንት ናቸው። በራፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሻይ፣ ትኩስ የሶዳ ዳቦና ቅቤ ቀረበ፤ «ብሉ እንጂ» እያሉ ደጋግመው ያቀርቡልናል። ያገሬን ሰው ቤት የመሰለኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ አፍንጫቸውና አገጫቸው አንድ ዓይነት ነው ብዬ ለመማል ቃጣኝ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልተገናኙምና ምናልባት ምኞቴ ነው። ደም ግን በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ የጋራ አባት አላቸው። መቼ የነበረ አባት እንደሆነ ግን ምርመራው በትክክል አይናገርም።

ከሻይ በኋላ ወደ ቴምፕልኮራን የመቃብር ስፍራ ወሰዱን። የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣሪያ የለውም። በ1613 ኤድዋርድ ብራይስ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ መጥቶ ማገልገል የጀመረው እዚህ ነው። በአየርላንድ የመጀመሪያው የፕሪስቢቴሪያን ምእመናን ማኅበር የሚሉት ይህን ነው። የቤተሰቡ ስም ያለባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ሁሉም ግን የእኛ ሰው ከሄደ በኋላ የቆሙ ናቸው። ድሀ ጭሰኛ ድንጋይ አያቆምም። አማቴ ከድንጋይ ድንጋይ እየሄዱ በጣታቸው ፊደሉን ይዳስሱ ነበር።

ላርን ወደቡ አጠገብ ለተሰዳጆቹ የቆመ ሐውልት አለ፤ አባት፣ እናትና ልጅ። በ1717 ከዚህ ወደ ቦስተን ለተነሣችው መርከብ መታሰቢያ ነው። ጥሩ ነው፤ ብዙም አልቆየንበትም።

ካሪክፈርጉስ ላይ ግን ቆየን። የፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ወላጆች በ1765 የተነሡት ከዚህ አካባቢ ነው። የራሳቸው ቤት ለባቡር ሐዲድ ፈርሷል፤ አጠገቡ የነበረ የዚያው ዘመን የሣር ክዳን ቤት ሙዚየም ሆኗል። ጃክሰን የስደተኛ ልጅ ሆኖ ፕሬዚዳንት መሆኑ ያኮራል። ያው ጃክሰን ግን በ1830 የነባር ሕዝቦችን ማፈናቀያ ሕግ የፈረመ ሰው ነው። ቼሮኪዎች በዚያ የተነሣ ከአገራቸው ተነድተው በሺዎች የሚቆጠሩ መንገድ ላይ አለቁ። ከመቶ በላይ ባሪያዎችም ነበሩት። ከመሬቱ የተነቀለ ሰው ሌላውን ሲነቅል ማየት ያማል።

አማቴ እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ነገር ነገሩኝ። የእኛ ሰው የልጅ ልጅ ኑዛዜ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ ስቶንተን ከተማ፣ ኦገስታ ካውንቲ ፍርድ ቤት ይገኛል። ፈረሶቹና ማረሻው ተዘርዝረዋል። ከእነሱ ቀጥሎ የሰዎች ስም አለ፤ የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ ከዋጋቸው ጋር። አማቴ ይህን ለዓመታት ያውቁ ነበር። ለቤተሰቡ በሚያዘጋጁት የዘር ሐረግ ላይ ግን አልጻፉትም። «ልጅህ ስታነበው ምን ትላለች?» አሉኝ። ልጄ መልኳ እኔን ነው። እኔም፣ ብትጽፉት ይሻላል አልኳቸው። ዘር የሚቆጥር ሰው የሚያኮራውን እየመረጠ ከዘለለ ልጄ የምታጠናው ተረት ይሆናል። በዚያው ምሽት ሆቴል ውስጥ ስሞቹን አንድ በአንድ አስገቡ።

የጉዞው መጨረሻ ዶናሃዲ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበረች። ቀኑ ብሩህ ስለነበር ማዶ ስኮትላንድ ይታያል። በዚህ ዘመን በአንድ ጀንበር ደርሶ መልስ ነው። አማቴ መሻገር ፈለጉ። ኤድንብራ ውስጥ የስኮትላንድ የአጥቢያ መዝገቦች አሉ፤ ከ1553 የሚጀምርም ይገኝባቸዋል። እኔ አልተስማማሁም። የአንትሪሙ አባት ሳይታወቅ ስኮትላንድ ገብቶ ስም መልቀም ግምትን በግምት ላይ መካብ ነው። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ እያደረገ ራሱን ከጎሳ አለቃ ጋር ያዛምዳል። አማቴ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። በዘር ሐረጉ ላይ የእኛ ሰው አባት ቦታ ባዶ ነው፤ ከጎኑ «ምሥራቅ አንትሪም» ይላል፤ ከሱም ሥር የሁለቱ ውሎች ቁጥር አለ።

ከተመለስን ወዲህ ፍለጋው አቅጣጫ ቀይሯል። አሁን የምንፈልገው ኑዛዜው ላይ ያሉትን ሰዎች ዘሮች ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1866 ከባርነት የወጡ ባልና ሚስቶች ተመዝግበዋል፤ የኦገስታ ካውንቲው መዝገብም ተርፏል። የመጨረሻው ባለቤታቸው ማን እንደነበረ የሚጠቅስ ረድፍ አለው። አማቴ የቤተሰባቸውን ስም እዚያ ረድፍ ውስጥ እየፈለጉ ነው።