ምሳ በ5:15፦ የሕፃናት ማቆያችንን የሰዓት ሰሌዳ ለምን ቀየርኩት

ማቆያ ለመክፈት ስነሳ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሮቶ፣ ስለ ፍራሽና ስለ ሞግዚት ደመወዝ የሚመክረኝ አላጣሁም። ስለ ምሳ ሰዓት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር፤ ልጆቹ መቼ በልተው መቼ እንደሚተኙ መወሰን ግን የአዋጅ ሥራ አይደለም። የእኔ የግል ማቆያ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ 12 ልጆች፣ በ3 ሞግዚቶች። የምጽፈውም ለዚህ መጠን ነው።

ጠዋቱን ቶሎ ልለፈው። በር የሚከፈተው 1:15 ነው። ልጅ ሲገባ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ቁርስ በላ ወይ፣ ሌሊት አተኮሰው ወይ። መልሱ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ምሳ ዕቃው ስም ተለጥፎበት ወዲያው ፍሪጅ ይገባል። እናት ተደብቃ አትወጣም፤ ስማው፣ «ደህና ዋል» ብላው ትሄዳለች። ተደብቃ የሄደችበት ልጅ በማግስቱ ከበሩ ላይ እግሯን አንቆ ነው የሚይዘው። 3:15 መክሰስ፣ ከ3:40 እስከ 4:40 ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ፤ ክረምት ከሆነ ኮሪደር ላይ ኳስ። ቴሌቪዥን የለንም። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ትንታ ስለሚያመጡ በር ላይ ይመለሳሉ፤ ወይን ከመጣ በቁመቱ ለአራት ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የመጀመሪያውን ሰሌዳ የገለበጥኩት ከአጸደ ሕፃናት ነበር፦ 3:00 ፊደል፣ 3:30 ቁጥር፣ 4:30 መክሰስ፣ 6:00 ምሳ፣ 7:00 እንቅልፍ። ወረቀቱ ያምራል። ማቆያውን ሊቆጣጠር የመጣው ባለሙያም «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ፈረመልን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከ5:30 እስከ 7:30 ያለው ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ እኔም ጥፋቱን መጀመሪያ በሞግዚቶቹ፣ ቀጥሎ በልጆቹ ሳሳብብ ከረምኩ። ደብተሩ ላይ «ስንት ሰዓት ነቃ» የሚለውን ዓምድ ረጋ ብዬ ሳነበው ነው የገባኝ።

ወላጅ ታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝምበት ልጁን ንጋት 12:00 ወይም 12:30 ላይ ይቀሰቅሰዋል። አንድ ዓመት ተኩል ያለፈው ልጅ ሳይነጫነጭ ነቅቶ የሚቆየው ለአምስት ሰዓት ያህል ነው። 12:00 ላይ አምስት ሰዓት ጨምሩበት። ስለዚህ የእኔ ልጆች 5:30 ላይ ደክመዋል፣ 6:00 ላይ ከድካም አልፈዋል። ከድካም ያለፈ ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ዘፍ ብሎ አይተኛም፤ ይቀብጣል፣ ይናከሳል፣ ማንኪያ ይወረውራል፣ ሲተኛም ቶሎ ይባንናል። የባሰው ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ የሚያንቀላፋው ነው፤ ያ ትንታ ነው፣ ቀልድ አይደለም።

በዚያ ላይ የእጅ ሥራው ሒሳብ አለ። 12 ምሳ ዕቃ ማሞቅ 25 ደቂቃ፣ ማብላት 40 ደቂቃ፣ አንድ ዳይፐር መቀየር ከነመታጠቡ 4 ደቂቃ። እኔ ሁሉንም ከምሳ በኋላ ደርድሬው ነበር። ቀድሞ የበላው ወለሉ ላይ ያሸልባል፣ የመጨረሻው ገና እያኘከ ነው፤ 6:40 የተኛው 7:20 ይነቃና ያኔ ዓይኑን የከደነውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። መክሰሱ 3:30 ላይ ያልቃል፤ ካለፈ ምሳ አይበላም። መክሰሱም ትንሽ ነው፦ ግማሽ ሙዝ ወይም አንድ ሲኒ አጥሚት። 4:40 ላይ ከግቢ ሲገቡ ሁሉም ዳይፐር ይቀየርላቸዋል፣ ፖፖ የጀመሩት ይቀመጣሉ፤ ከምሳ በኋላ የሚቀየረው ያቆሸሸው ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት አንዷ ሞግዚት ታሞቃለች፣ አንዷ መኝታ ክፍሉን አዘጋጅታ መጋረጃ ትጋርዳለች። 5:15 ላይ አምስቱ ትንንሾች፣ 5:30 ላይ ሰባቱ ትልልቆች ይበላሉ። 6:10 ሁሉም ፍራሹ ላይ ነው፣ 6:30 ቤቱ ጸጥ ይላል። ከ15 ወር በታች ያሉት ይህንንም አይችሉም፤ ለእነሱ 3:40 ላይ፣ ሌላው ግቢ ሲወጣ፣ የ40 ደቂቃ ተጨማሪ እንቅልፍ አለ።

ማሞቂያውን በተመለከተ፦ ማይክሮዌቭ ምግቡን አንዱን ጥግ አቃጥሎ ሌላውን በረዶ ያስቀረዋል። ፍትፍትና ገንፎ እስኪተን ድረስ ሞቆ፣ ከሥር ተማስሎ፣ ሞግዚቷ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ሞክራው ነው የሚቀርበው። መብራት ሲጠፋ ቡታጋዙ ላይ ትልቅ ብረት ድስት ውሃ ይጣድና የብረቱ ምሳ ዕቃ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪጁ እስከ ምሳ ሰዓት አይከፈት። የተረፈ ይደፋል፣ እናት ብትቆጣም። በነገራችን ላይ፣ ልጁ ባይጾምም ቤቱ ሲጾም ምሳ ዕቃውም ይጾማል፤ በሁዳዴ ለአምስት ቀን ሙሉ ሽሮ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ለወላጆች አስቀድመን እንነግርና እንቁላል እኛ እንቀቅላለን።

የሚያስተኛው ሰዓቱ ነው፣ ግን አተኛኘቱም ሕግ አለው። ማዘል የለም። አንዷን ልጅ አዝላችሁ ካስተኛችሁ አሥራ አንዱም ጀርባ ይፈልጋሉ፣ ያላችሁ ደግሞ ሦስት ጀርባ ነው። ፍራሹ ላይ አጋድሞ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እሹሩሩ፣ በቃ። መታዘል የለመደ ልጅ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ያለቅሳል፤ በሦስተኛው ቀን አዝናችሁ ካዘላችሁት ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ጡጦ ይዞ መተኛትም የለም፤ ጥርስ ይበላል። በፍራሽ መሐል አንድ ሜትር ያህል ክፍተት፣ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል፤ ሲስል ጎረቤቱ ፊት ላይ አይስልበትም። ፍራሹ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ብርድ ልብስ የየራሳቸው ነው፣ አርብ አርብ ለእጥበት ቤት ይሄዳል። አንዷ ሞግዚት ከክፍሉ አትወጣም፤ ሁለቱ ምሳቸውን ይበላሉ፣ ከዚያ ትቀየራለች። ለሞግዚቶቹ ራሳቸው ልጆቹን ከማብላታቸው በፊት መክሰስ ስጧቸው። ርቧት የምታበላ ሰው ጉርሻ ታበዛለች፣ ትቸኩላለች።

8:15 ላይ መጋረጃው ይገለጣል። ከ8:30 በላይ ያስተኛነው ልጅ እናት በማግስቱ «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ አለችኝ» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ግን «ቀን እንዳታስተኟት» የምትለውን እናት አልሰማትም። ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ እንቅልፍ ወደ አንድ ሰዓት አሳጥራለሁ እንጂ አላስቀርም፤ ሳይተኛ የዋለ ልጅ ማታ ይብስበታል።

ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ምሳው ለምን ከ6:00 በፊት እንደሆነ፣ የ3:00 ፊደል የት እንደሄደ ጠየቀ። የእንቅልፍ ደብተሩን ዘርግቼ አሳየሁት፤ አልተመለከተውም። «ክፍለ ጊዜ የሌለው ማቆያ መጋዘን ነው» አለኝ። የሁለት ዓመት ልጅ እጁን ሲታጠብ ጣቱን እየቆጠርንለት፣ ጫማ ስናደርግለት ቀኝና ግራ እያልንለት፣ ፊደል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ ትምህርት አይደለም ማለት ነው። ብዙ ተከራከርኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ የጠዋቱን የወለል ጨዋታ «ቋንቋና ቁጥር»፣ ግቢውን «አካላዊ እንቅስቃሴ»፣ ምሳውን «ራስን መርዳት» ብዬ በሰንጠረዥ ለጠፍኩት። ሰዓቱን አንድ ደቂቃ አልነካሁም። ፈረመ። መዋሸቴ ይሁን መተርጎሜ እስካሁን አልለየልኝም፤ ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ግን ያናድደኛል። እናንተም ከሰሌዳው ስም ጋር አትጣሉ፣ ከሰዓቱ ግን ንቅንቅ አትበሉ።

ከሰዓት በኋላው ቀላል ነው፦ 8:45 መክሰስ፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ውሃና አሸዋ። የመውጫው ሰዓት 11:30 ቢሆንም ዝናብ ከጣለ የመጨረሻዋ እናት 12:15 ትደርሳለች። 11:00 ላይ ለሁሉም አንዳንድ ቁራሽ ዳቦ ይሰጥ፣ ሁለት ሙዝ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሙዙ እስከ መጨረሻ ለሚቀሩት ልጆች ነው።