እትዬ እና የፍቅር ሐይቁ ሆቴሌ

ረቡዕ ረቡዕ ማታ ከሥራ በኋላ እኔ ቤት ሞኖፖሊ እንጫወታለን፤ በወረቀት ብር ሰሌዳ ላይ ቦታ እየገዙ፣ ቤትና ሆቴል እየሠሩ፣ ያረፈባቸውን ኪራይ የሚያስከፍሉበት ጨዋታ ነው። «ቤት» ያልኩት ሐዋሳ የተከራየኋትን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። ከአከራዬ መኝታ ቤት የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። እትዬ ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» የምላቸው ከአልጋዬ ሳልነሣ ነው።

ሰሌዳው ላይ ያሉት የፈረንጅ ሰፈሮች ስላልጣሙን በየቦታው የራሳችንን ስም ጽፈን ለጥፈንበታል። ውዱ ቦታ ያለ ክርክር ፍቅር ሐይቅ ሆነ፤ ተከታዩ አሞራ ገደል። ጠብ የተነሣው በርካሿ፣ በባለ 60ዋ ቦታ ነው። ሰፈሬ ትሁን የሚል ጠፋ። በመጨረሻ አቶቴን ለጠፍንባት። እዚያ የሚኖረው ቴቸር (አስተማሪ ነው) እስከ ዛሬ ሲያልፍባት ፊቱን ያዞራል።

የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበርን። የተጠበሰ ዓሣም ነበረ፤ «ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም» ስንባባል ቀዘቀዘ እንጂ።

ዕድል ወደ እኔ ዞረች። ፍቅር ሐይቅንም አሞራ ገደልንም ጠቀለልኩ። አራት አራት ቤት ሠራሁባቸው፤ ከዚያ ፍቅር ሐይቅ ላይ ሆቴል ተከልኩ። እዚያ ያረፈ ሰው 2000 ይከፍላል! እንደዚያ ሀብታም ሆኜ አላውቅም፤ ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጣ።

«የፍቅር ሐይቁ ሆቴል የኔ ነው! የአሞራ ገደል አራቱም ቤቶች የኔ ናቸው! ኪራዬን አሁኑኑ ቁጭ!»

መጀመሪያ የከሰረው ቴቸር ነው። ሲከስር ደግሞ ሌክቸር ይጀምረዋል። ሞኖፖሊ የተቀዳበትን የመጀመሪያውን ጨዋታ የፈጠረችው ኤልዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት መሆኗን፣ በ1904 እ.ኤ.አ. በስሟ ማስመዝገቧን፣ ዓላማዋም ባለመሬት ተከራዩን እንዴት እንደሚያራቁት ማሳየት እንደነበር ተነተነልን።

«ሴትየዋ ገብቷታል! አከራይ ማለት ደም መጣጭ ነው!»

ወደ ግድግዳው በዓይኔ ብጠቅሰውም አልገባው አለ። ይባስ ብሎ ባንኩን የያዘው ጓደኛችን ቀጠለ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ሒሳብ ሹም እንለዋለን፤ የጨዋታውን ሕግ እንደ ዳዊት ነው በቃሉ የሚወጣው።

«የመቶ ብሮቹ አልቀዋል። ግን ችግር የለም፣ ነገ ቢሮ በከለር ፎቶ ኮፒ አድርጌ አመጣለሁ።»

ከግድግዳው ወዲያ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

በሩን ስከፍት እትዬ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የጎረቤት ዘበኛ ከነዱላው። የባትሪው ብርሃን በቀጥታ ያረፈው የብሩ ክምር ላይ ነው።

«በስመ አብ! እቤቴ ውስጥ ነው የምታትሙት?»

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመርን፤ ማንም ማንንም አልሰማም። ነገሩን የፈታው ዘበኛው ነው። አንዷን አንሥቶ ወደ ሻማው አስጠጋትና «ይቺማ ሮዝ ናት። በዚህች ማን ይሸወዳል?» አለ። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

እትዬ ግን አልጨረሱም።

«ሆቴሉስ?»

«የቱ ሆቴል?»

«የፍቅር ሐይቁ ነዋ! እኔ የሁለት ወር ኪራይ በትዕግሥት ስጠብቅ፣ ለካ አንተ ሐይቅ ዳር ሆቴል ታሠራለህ!»

ቀይዋን የፕላስቲክ ሆቴል አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አገላበጧት። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሒሳብ ሹምን ይመረምሩት ገቡ።

«እዚህ ላይ ያረፈ ሰው ስንት ቀን ይታገሡታል?»

«ቀን የለውም እትዬ፤ እዚያው ነው የሚከፍለው።»

«ካልከፈለስ?»

«ያለውን ሁሉ አስረክቦ ይወጣል።»

«ይቺ ያላችኋት ሴትዮ ጎበዝ ናት» አሉና ባዶ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

ደመወዜ አልገባም። ቴቸርን አየሁት። «ደም መጣጭ» ሲል መሰማቱ ሲያንቀጠቅጠው ስለነበር ወዲያው ስልኩን አወጣ፦ «እኔ ላበድረው እትዬ፣ አሁኑኑ በቴሌብር እልክልዎታለሁ!»

ሒሳብ ሹም እጁን ቀጨም አደረገው።

«አይቻልም። ተጫዋች ለተጫዋች ማበደር በሕጉ ክልክል ነው።»