ሆላሾቪትሴ፦ ከበሩ ጀርባ ያለው

ሆላሾቪትሴ በቼክ ሪፐብሊክ፣ ደቡብ ቦሄሚያ ውስጥ፣ ከቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ከተማ በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድ ብላ ያለች መንደር ናት። በሩብ ሰዓት ተዞራ ታልቃለች፤ ጣጣውም እሱ ነው። የመጣው ሁሉ በመሃሏ ባለው ሣር ላይ ይቆምና ያጌጡትን የፊት ግድግዳዎች ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ጌጡ ግን የአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የቆየው አሰፋፈሯ ነው።

210 ሜትር በ70 የሚሆነውን ሣር 23 የገበሬ ግቢዎች ከበውታል። መሃል ላይ ኩሬ፣ የብረት ቀጥቃጭ ቤትና በ1755 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ። ግቢዎቹ ጠባብ ጎናቸውን ለሣሩ ሰጥተው ወደ ኋላ ይረዝማሉ። በአንድ ወገን መኖሪያው፣ በሌላው ጎተራ፣ ወይም ልጅ እርሻውን ሲረከብ ሽማግሌዎቹ የሚገቡበት ትንሽ ቤት ይቆማል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቅስት ያለው የአጥር በር ነው። ከበሩ አልፎ በረት፣ ከዚያ የእህል መውቂያው፣ ጓሮው፣ ማሳው። ከመሄድ በፊት የሳተላይት ካርታ ላይ ማየት ይበጃል፤ ከሣሩ ላይ ሆኖ ይህ ሁሉ አይታይም።

በ1520ዎቹ ቸነፈር ገብቶ የተረፉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ባለርስቱ የቪሽሺ ብሮድ ገዳም ከባቫሪያና ከኦስትሪያ ሰፋሪ አምጥቶ ሞላት፤ የመካከለኛው ዘመን ድልድል ግን እንዳለ ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ተባረሩና ብዙ ቤት ባዶውን ቀረ። ክፉ ዘመን ነበር፤ ግን መስኮት የሚያሰፋ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ስላልነበረም ይመስለኛል የተረፈችው። ጥገናው የተጀመረው ከ1990 ወዲህ ሲሆን ዩኔስኮ በ1998 መዘገባት።

የእንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ሲሚንቶ ነው። አሮጌ ግድግዳ ከመሠረቱ እርጥበት ይስባል፤ የኖራ ልስን ያንን እያስተነፈሰ ያወጣዋል። በሲሚንቶ ከተለሰነ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጨው ይተፋል፣ ቀለሙ ያብጥና ልስኑ በቁራሽ ይረግፋል። የጥገናን ጥራት ለማወቅ ስለዚህ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ ማየት ነው። ጌጡን ደግሞ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለሌለው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ሰው የሚኖርባት መንደር ስለሆነች የተዘጋ በር አይገፋም። ቅዳሜና እሑድ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ይያዝ።