አንድሮሜዳ ሐበሻ ናት ወይ?

ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት

ዛሬም አምሽቻለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት ሄዶ ከመጣ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ሥራ አለብኝ፤ የወር መዝጊያ ሒሳብ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ከአንድ የድሮ ግጥም አንዲት ቃል ይዤ ተቀምጫለሁ።

ጥፋቱ የሚጣ ነው። የእህቴ ልጅ ናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ። ክረምቱን እኛ ጋ ነው የምታሳልፈው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እራት ላይ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣

«ጋሼ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ ያለችው ልዕልት አንድሮሜዳ ሐበሻ ናት አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ የኛው ናት» አልኩ፣ እየጎረስኩ።

«የት ተጽፏል?»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የት ተጽፏል? እኔ የሰማሁት ከሰው ነው፣ ያም ሰው ከሌላ ሰው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ወስጃለሁ። የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርን የተማርነው ጠርዙ በተቆረጠ አራት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነበር። የየመስመሩ የመጨረሻ ቃል የለም። እንደምንም በግምት አለፍን።

«አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። አንድ ምሽት ይበቃኛል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት ቴዎይ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው። አሮን አትስማ የሚባል ኒው ዚላንድ የሚኖር ሰው ያዘጋጀው ነው። የአንዱን አማልክት ወይም የአንዱን ጀግና ስም ትጠራለህ፤ ስለ እሱ የጻፉትን የግሪክና የሮማ ጸሐፊዎች ከነምዕራፋቸው ተራ በተራ ያቀርብልሃል። የአንዱ ጸሐፊ ቃል ከሌላው ሲጋጭ አስታራቂ የለም። ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ይህን ወድጄዋለሁ። ትርጉሞቹ ግን አብዛኞቹ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸው፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። እንግሊዝኛቸው የአያት እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሴን አመመኝ፤ በሳምንቱ ለመድኩት።

እዚያ አፖሎዶሮስን አገኘሁት። ይህ ስም የተሰጠው የአፈ ታሪክ ስብስብ በግሪክኛ «ቢብሊዮቴኬ» ይባላል፤ በእኛ ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው። ነገሩን በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል። ጀግናው ፐርሲየስ ንጉሥ ኬፌዎስ የሚገዛት ኢትዮጵያ ደረሰ። የንጉሡ ልጅ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ አገኛት። ምክንያቱ እናቷ ካሲዮፔያ ናት። ከባሕር ልጃገረዶች እኔ በቁንጅና እበልጣለሁ ብላ ነበር። የባሕር አምላኩ ፖሴይዶን ተቆጣ፤ ጎርፍና አውሬ ላከ። ፐርሲየስ እንድትዳርለት ቃል አስገብቶ አውሬውን ገደለ። አስቀድማ የታጨችው ለአጎቷ ነበርና እሱ ደግሞ ሸፍጥ ጀመረ። ፐርሲየስ ቀድሞ የቆረጠውን የጭራቋን የሜዱሳን ራስ አሳይቶ ድንጋይ አደረገው። አለቀ።

እንግዲህ «ተጽፏል» ማለት እችል ነበር። ስክሪንሾት አንስቼ ለሚጣ ልልክላት ስል፣ ከግርጌው ወደ ዋናው ግሪክኛ የሚወስድ ነገር ፈለግኩ። ያኔ ነው ሌላኛው ፐርሲየስ የመጣው።

ፐርሲየስ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ስምም ነው። ቦስተን አጠገብ ያለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው፤ ግሪጎሪ ክሬን የሚባሉ ምሁር ናቸው የሚመሩት። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ማለት ነው። ግሪክኛው ይመጣልሃል፣ በጎኑ እንግሊዝኛው። ግሪክኛ አለማወቅህ አያስጨንቅህም። አንዱን ቃል ጠቅ ስታደርገው ይፈታልሃል፦ ስም ይሁን ግስ፣ ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ከየትኛው ሥር እንደወጣ። ከዚያ ወደ ትልቁ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ይወስድሃል፤ በ1843 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ መጀመሪያ ወደታተመው፣ ከዚያም ደጋግሞ ወደታደሰው። ያ ሁሉ በነጻ። የውጭ ካርድ የለኝምና ይህች «በነጻ» የምትባል ቃል ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። በዶላር የሚከፈልባቸውን አዳዲስ ትርጉሞች ከሩቅ ነው የማያቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድሮሜዳን ረሳኋት። ወደ ሆሜር ሄድኩ።

ኢሊያድ የሚባለው ግጥሙ መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ጦረኛው አኪሌስ አልቅሶ እናቱን ይጠራል። የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ለምኚልኝ ይላታል። እናትየው አሁን የለም ትለዋለች። ትናንት ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዷል፣ አማልክቱ በሙሉ ተከትለውታል፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ሌላው ግጥሙ ኦዲሴይም ሲከፈት እንደዚሁ ነው። ፖሴይዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዷል፣ የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል። እሱ ድግስ ላይ ቁጭ ባለበት ሌሎቹ ተሰብስበው ኦዲሴየስ አገሩ ይግባ ብለው ይወስናሉ። ከድግሱ ሲመለስ በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ ሰውየውን ባሕር ላይ ያየዋል፤ ማዕበሉን ይለቅበታል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለሥልጣን ቢሮ ሄዶ «ለስብሰባ ወጥተዋል» የተባለ ሰው ሁሉ አኪሌስን ይረዳዋል።

ኢሊያድ ላይ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠች ቅጽል አለች። «አሙሞናስ»። እንግሊዝኛው ነቀፋ የሌለባቸው ይላል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ። ሆሜር ምን ብሎናል መሰላችሁ፣ ነቀፋ የሌለባቸው! አንዱ ጓደኛዬ በደስታ ሒሳቡን ከፈለልኝ።

ማታ ቃሏን ጠቅ አደረግኳት። ባላደርገው ይሻለኝ ነበር።

መዝገበ ቃላቱ ነቀፋ የሌለበት፣ የተከበረ፣ ምርጥ እያለ ይዘረዝራል። አንድም፣ አንድም እንደሚለው የአገራችን መጽሐፍ ትርጓሜ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ቃሏ ሌላ የት እንደገባች ሳይ፣ ኦዲሴይ መጀመሪያው መጽሐፍ፣ 29ኛው መስመር ላይ አለች። ኢትዮጵያውያን ከተጠሩ ስድስት መስመር ዝቅ ብሎ። ነቀፋ የሌለበት የተባለው ማን ነው? አይጊስቶስ። የንጉሥ አጋሜምኖንን ሚስት የቀማው፣ ሰውየውንም ከጦርነት ሲመለስ የገደለው። ዜውስ ራሱ ጥፋቱን ሊዘረዝር ሲል ነው ቅጽሏ የመጣችው።

ቃሏን ያጠኑ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል። መልከ መልካም ማለት ነው ያሉ አሉ። ዜማውን ለመሙላት ከስም ጋር የሚለጠፍ የተለመደ ቃል ነው የሚሉም አሉ። እኛ ጋስ አዝማሪ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሁሉ «ጀግናዬ» ይል የለ? የተጠራው ሁሉ ዘምቶ አይደለም። የከፈለልኝን ምሳ አሰብኩ። ለጓደኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ የትኛዋ ኢትዮጵያ የሚለው ነው። ለግሪኮች ኢትዮጵያ ማለት በአመዛኙ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ነው፤ ኩሽ፣ ኑቢያ፣ ሜሮዌ። ሆሜር ደግሞ ለሁለት የተከፈሉ፣ ከሰው ሁሉ የራቁ፣ ግማሾቹ ፀሐይ ስትወጣ ግማሾቹ ስትጠልቅ ባለችበት ይላቸዋል። በካርታ አይገኝም። አንድሮሜዳ ላይ ስመለስ ነገሩ ይብስ ተወሳሰበ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ የእስር ሰንሰለቷ ምልክት ኢዮጴ ላይ ይታያል ይላል። ኢዮጴ ማለት ዛሬ ከቴል አቪቭ ጋር የተያያዘችው ጃፋ ናት። ሮማዊው ፕሊኒም እንደዚያው። እንዲያውም የአውሬው ነው የተባለ አጥንት ከዚያ ተጭኖ ሮማ መጥቶ ለሕዝብ ታይቶ ነበር ይለናል፤ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የጎድን አጥንቱ ከሕንድ ዝሆን ቁመት የሚበልጥ። እዚያ ለምትኖር የአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። ከወደቡ ፊት ያሉትን ዐለቶች ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ አንዱ ላይ ባንዲራ ተተክሏል። «አንተ አሁን ሥራ የለህም?» የሚል አብሮ ነበረው።

መልኳንስ? ይህን የጠየቀችኝ ሚጣ ናት። ሮማዊውን ባለቅኔ ኦቪድን ብቻ ብትይዝ ሦስት መልስ ታገኛለህ። በእሱ ስም በሚታወቅ ደብዳቤ ላይ ፐርሲየስ የወደዳት በአገሯ ቀለም ጠይም የሆነችውን ልጅ ነው። በሌላ ቦታ ከጥቁር ሕንዶች ነው ያመጣት። በሦስተኛው ደግሞ ነፋስ ጸጉሯን ባያንቀሳቅሰው፣ እንባዋም ባይወርድ፣ የእምነበረድ ሐውልት ትመስለው ነበር ይላል። ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የተሳለ አንድ የግሪክ ማሰሮ አለ፤ ፎቶው ድረ ገጹ ላይ ይታያል። አጃቢዎቿ ጥርት ያሉ አፍሪካውያን ናቸው። እሷ መሀላቸው የምሥራቅ ሰው ልብስ ለብሳ ቆማለች። ሠዓሊው ራሱ የማን ልጅ እንደሆነች አልወሰነም።

ሚጣ ይህን ስነግራት ቅር አላት። «እሺ ታዲያ እኛ የት ነው ያለነው?» አለች።

ለዚህ መልስ ነበረኝ። በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ወደቦች ጽፏል። የ1912 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በነጻ ይነበባል። አዱሊስን ያነሳል፣ አክሱምን ያነሳል። በዚያ አካባቢ የሚገዛ ዞስካሌስ የሚባል ንጉሥም አለ። ገንዘብ ላይ ስስታም፣ ሁሌም ተጨማሪ የሚሻ፣ በሌላው ነገር ግን ቅን ሰው ነው፤ የግሪክኛ ጽሕፈትም ያውቃል ይላል። ከአማልክቱ ድግስ ይልቅ ይህ ሰውዬ ደስ አለኝ። ስስቱን ማንም ለማሞገስ አይፈጥረውም። ከእሱ በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት ዔዛና በድንጋይ ሲያስጽፍ፣ በግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ያለውን በግዕዙ ሐበሠት ብሎታል። «ሐበሻ ናት ወይ» ያልሽው ጥያቄ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ስሞች መጀመሪያ ጎን ለጎን የቆሙት እንዲህ ነው አልኳት። ይቺን ወደደቻት፤ ደብተሯ ላይ ጻፈቻት።

በነገራችን ላይ ለግዕዙም እየተሠራ ነው። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል የእኛው ቃል የሰየመው የብራና መዝገብ አለው። የዲልማን የ1865 እ.ኤ.አ. የግዕዝ መዝገበ ቃላትም እዚያው ሃምቡርግ ለድረ ገጽ ተዘጋጅቷል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የገዳማትና የአድባራት ብራናዎች አሜሪካ ሚኒሶታ ባለ ቤተ መጻሕፍት በኩል ይታያሉ። አንድ ምሽት የሄኖክን መጽሐፍ አንድ ቅጂ ከፈትኩ። ቀዩን ቀለም፣ የጣት እድፉን፣ የሰም ጠብታውን አየሁ። ገጽ ሊገለጥ ሲል ኔትወርኩ ጠፋ። ስለዚህ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ለብቻው ይገባዋል።

ዛሬ ማታ ሚጣ ልትተኛ ስትል በሬ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሁሉም ስለ እሷ ነው የሚያወሩት። እሷ ራሷ ምን አለች?»

ኦቪድን ከፈትኩ። ፐርሲየስ ስሟን፣ አገሯን፣ ለምን እንደታሰረች ይጠይቃታል። መጀመሪያ ዝም ትላለች። እጇ ባይታሰር ፊቷን በሸፈነች ነበር። ሲደጋግምባት የራሷን ስም፣ የአገሯን ስም፣ የእናቷን ትምክህት ትነግረዋለች። ኦቪድ ግን ነገረችው ይላል እንጂ ቃሏን አይሰጠንም። ሳትጨርስ ባሕሩ ይጮኻል፣ አውሬው ይመጣል።

የግሪኩ ተውኔት ጸሐፊ ዩሪፒደስ ግን በ412 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሙሉ ተውኔት ሠርቶላት ነበር። ተውኔቱ ጠፍቷል። የተረፈን ቁርጥራጭ ነው፤ ያውም አንዳንዱ በማግስቱ ዓመት የኮሜዲ ጸሐፊው አሪስቶፋነስ ሊቀልድበት ብሎ አንድ ሽማግሌ አንድሮሜዳ አድርጎ መድረክ ላይ ስላሰረው የተረፈ። ሲከፈት ገና ጨለማ ነው። አንድሮሜዳ ዐለቱ ላይ ታስራ ሌሊቱን ታናግራለች። ቅድስት ሌሊት ሆይ፣ በከዋክብት ጀርባ ላይ ሠረገላሽን እየነዳሽ ምነው መንገድሽ ረዘመ ትላለች። የሚመልስላት ሰው የለም። ከዋሻ ውስጥ የገደል ማሚቶ ብቻ የመጨረሻ ቃሏን ይመልስላታል።

ሚጣ በሩን ተደግፋ ሰማች። ዝናቡ ጋብ ብሏል።

«በቃ፣ መሽቷል፣ ተኚ አሁን» አልኳት።

«ተኚ አሁን» አለች ከኮሪደሩ።