ሙሴ ጸሊምና ከቁርባን የሚሸሸው ወጣት

ስለ ፈተና በሚሰጡ ስብከቶች ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የታሪኩ መካከል ነው። ቅዱሱ ኃጢአተኛ እንደነበረና ንስሐ እንደገባ ይነገረናል፤ ወዲያውም ድል መንሣቱ ይከተልና ምእመኑ እልል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በንስሐውና በድሉ መካከል ስላለፉት ዓመታት፣ ያው ሐሳብ ሌሊት ሌሊት እየተመለሰ ሲያስጨንቀው ስለኖረው ሰው የሚያስተምር ጥቂት ነው። የሙሴ ጸሊምን ዜና ከብዙዎቹ አብልጬ የምወደው ይህን መካከል ስለማይደብቅ ነው።

ሙሴ በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ የአንድ ሹም አገልጋይ የነበረ፣ ጌታው በስርቆቱና በምግባሩ ብልሹነት ያባረረው፣ በኋላም የሽፍቶች አለቃ የሆነ ጥቁር ኢትዮጵያዊ ነበር። አንድ ሌሊት የእረኛ ውሻ ስላሰናከለው በእረኛው ላይ ቂም ቋጠረና ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ የዓባይን ወንዝ በዋና ተሻግሮ ሊገድለው ሄደ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ቢያመልጠውም፣ ሙሴ ከመንጋው 4 አውራ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድ አስሮም እየጎተተ ያንኑ ወንዝ በዋና ተመለሰ። በግብፅ መነኮሳት ወደሚኖሩበት ወደ አስቄጥስ በረሃ ሄዶ የመነኮሰው ይህን ያህል ጉልበት የነበረው ሰው ነው።

ቢመነኩስም የዝሙት ጾር (ፈተና) አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ክፉኛ ተነሣበት። በዚያው በረሃ ወደነበረው አረጋዊ መነኩሴ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ያለበትን ሳይሸፋፍን ነገረው። ሽማግሌው አልደነገጠም፣ አልተቆጣውምም፤ ይህ ገና ጅማሬው እንደሆነ፣ በሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻም ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው እስኪያጣ ድረስ ልማዱን እንደማይተው አስረዳው። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመልሶ ደረቅ እንጀራ ብቻ እየበላ፣ በቀን 50 ጊዜ እየጸለየ ተጋደለ፤ ሌሊት የሚመጣበት የዝሙት ሕልም ግን አልተወውም። ሌላ አባት አማክሮ 6 ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን ጸለየ፤ አሁንም ሕልሙ አለ። ከዚያም በሌሊት እየወጣ፣ ውኃ መቅዳት የተሳናቸውን አረጋውያን መነኮሳት ማድጋ ሳያውቁበት መሙላት ጀመረ። በአንዱ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ እንዳለ ሰይጣን ወገቡን በዱላ መታው፤ በዚሁ ሰበብ አንድ ዓመት ያህል ታሞ ተኛ።

ሲሻለው አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር እንዲህ መፎካከሩን እንዲተው መከረው፤ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው ነገረው። ሙሴ እሺ አላለም፤ ሕልሙ ካልተወኝ አልተውም አለ። ሽማግሌውም በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደቀረለት አበሠረው፤ በድፍረት እንዲቆርብም አዘዘው፤ ይህን ሁሉ ዘመን የተፈተነውም በገድሌ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይታበይ መሆኑን ገለጠለት።

ለእኔ የዜናው ሁሉ ማሰሪያ «ቁረብ» የሚለው ትእዛዝ ነው። በእኛ አገር በቅዳሴ ጊዜ የሚቆርቡትን ላስተዋለ፣ ሕፃናትና አረጋውያን በርክተው በመካከል ያለው ዕድሜ ሳስቶ ይታየዋል። ወጣቱን ለምን አትቆርብም ብለው ቢጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብሩን አቃልሎ ሳይሆን ፈርቶ ነው፤ «ገና ልጅ ነኝ፣ ሥጋዬ አላረፈልኝም፣ ሳረጅ እቆርባለሁ» ይላል። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል። ይሁን እንጂ ሥጋ በእርጅና ሲደክም የሚመጣውን ጸጥታ የድል ያህል መቁጠር፣ እስከዚያም ድረስ መድኃኒቱን ከታማሚው ማራቅ፣ በእኔ እምነት አባ ኤስድሮስ ካደረገው ተቃራኒ ነው። ያለ ንስሐና ያለ ዝግጅት ይቀረብ ማለቴ አይደለም፤ ሙሴም መጀመሪያ የሮጠው ወደ ንስሐ አባቱ ነበር። የምለው፣ ሐሳብ የሚፈትነው ሰው ሁሉ ከማዕዱ የተከለከለ ያህል ራሱን እንዳይቆጥር ነው።

ለዚህ ፍርሃት እኛ የቆምነው ምእመናንም ድርሻ አለን። አንድ ጎልማሳ ሲቆርብ ሲታይ «ታሞ ነው እንዴ?» ወይም «እሱ ደግሞ መቼ ተመለሰና!» መባሉ የተለመደ ነው። ሙሴ ካረጀ በኋላ መነኮሳቱ በአንድ በደለኛ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው አስጠሩት፤ እንቢ ብሎ ቆይቶ፣ መልእክተኛ ሲደገምበት አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ዘንቢል በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው በደል ላይ ልፈርድ መጣሁ አላቸው። መነኮሳቱም በወንድማቸው ላይ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ይቅር አሉት።